ተቆርጦ የሚገጥም ጎማ

ናጅዋ ጀብሪል ተቆርጦ መልሶ የሚገጥም ጎማ ለመሥራት አራት ዓመት ፈጀባት። ጎማው ተሠርቶ ባለቀ በሦስተኛው ወር ጦርነቱ ወልድያ ገባ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወልድያ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ትውልዷ ግራና ነው፣ ከመርሳ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ። ቤተ ሙከራው ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት የጉባ ላፍቶው ሰው አቶ አያሌው ነበሩ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ አንድ ብርጭቆ ሳይሰብሩ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን። እሷ «ጋሽ አያሌው» ትላቸዋለች፣ እሳቸው «መምህርት» ይሏታል።

ጎማው መልኩ ማር ይመስላል። የተሠራው ከአትክልት ዘይት ከሚወጣ አሲድና ከዩሪያ ነው፤ ያው ገበሬው ማሽላው ላይ ከሚበትነው ዩሪያ። በተራ ጎማ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ክር ሆነው በማይፈታ ቦንድ ይታሰራሉ፤ ክሩ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። የናጅዋ ጎማ ሞለኪውሎች ግን አጫጭር ናቸው፤ የሚያያይዛቸውም ሃይድሮጂን ቦንድ የሚባል ደካማ መያዣ ነው። ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ይለቃል፤ በቀላሉም መልሶ ይይዛል። ጎማውን በምላጭ ለሁለት ከፍለው ወዲያው ቢያገጥሙት የለቀቁት ጫፎች ከማዶ ያለውን ጫፍ ይይዛሉ። ሩብ ሰዓት ቆይተው ሲጎትቱት ይለጠጣል እንጂ አይለያይም።

ችግሮች ነበሩበት። ብርድ አይወድም፤ በወልድያ ጠዋት እንደ ሳሙና ደርቆ ስለሚገኝ ጋሽ አያሌው መስኮት ላይ አስቀምጠው ፀሐይ እስክትመታው ይጠብቁ ነበር። ተቆርጦ ብዙ ከቆየም አይገጥምም፤ ማዶውን ያጣ ጫፍ አጠገቡ ያለውን ይይዝና በዚያው ይቀራል። ከሁሉም የከፋው ግን ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ ከቆየ እንደ ተነከረ ዳቦ ይሆናል።

ውጤቱን ለባልደረቦቿ ባቀረበች ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስለዚህ» አሏት፣ «ሙቀት ባለበት፣ ውሃ በሌለበት፣ ከተቆረጠም ሰዓት ሳይሞላው ከሆነ ይሠራል።»

«አዎ።»

«የት ነው እንዲህ ያለ ቦታ?»

«ግራና» አለች ናጅዋ።

ሰው ሳቀ። እሷ ግን የተጠየቀችውን መመለሷ ነበር።

ነሐሴ 2013 ላይ ከተማዋ በተያዘች በሰባተኛው ቀን ጋሽ አያሌው ጎማውን በፌስታል ይዘው የናጅዋን በር አንኳኩ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ገበያ የለም። እሳቸው ግን በልማዳቸው ሥራ ገብተው ነበር።

«በሩ ተሰብሯል» አሉ። «ኮምፒውተሮቹ የሉም። ሚዛኑ የለም። ማድረቂያ ምድጃው የለም። ይህ ወለል ላይ ነበር።»

«አልወሰዱትም?»

«አንዱ ረግጦታል። የጫማው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ እዚህ እስክደርስ ጠፋ።»

ናጅዋ ደብተሯን አውጥታ ይህንኑ ጻፈች። ከዚያ የሚወሰን ነገር ነበር። የጋሽ አያሌው ባለቤት ውባለም ከሁለት ሳምንት በፊት እህቷ ዘንድ ወደ ደጋው ወጥታለች፤ በዚያ በኩል ያለው መንገድ ውጊያ ስላለበት ሊከተሏት አልቻሉም። የናጅዋ ቤተሰብ ግራና ነው። በእግር በሁለት ቀን ይደረሳል።

«እኔ እሄዳለሁ፤ እርስዎም ይምጡ» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ።»

ጋሽ አያሌው ቤታቸው ተመልሰው ቆለፉ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ።

ሲሪንቃ ሳይደርሱ ኬላ ነበር። ከተማዋን ከያዙት ተዋጊዎች አንዱ፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ ያንጠለጠለ ወጣት፣ የናጅዋን ሻንጣ በርብሮ ጨረሰና ፌስታሉን ከፈተ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው።»

«የምን ጎማ?»

ናጅዋ አሰበች። እስካሁን ለምንም አልዋለም። «የምርምር» አለች።

ፈታሹ ጎማውን አሸተተው። በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ የገባበት ጉድጓድ ቀስ እያለ ሲሞላ አየና ጎማውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀምጦ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ፈንጂ ነው» አለ።

«ፈንጂ ቢሆን በፌስታል እንይዘው ነበር?» አሉ ጋሽ አያሌው።

«ፈንጂ በምን ይያዛል?»

ጋሽ አያሌው ይህን አያውቁም ነበር። 

የኬላው አዛዥ ተጠራ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ናጅዋ ለተማሪ እንደምታስረዳ አስረዳችው። ሰምቶ ሲጨርስ ሳንጃውን መዘዘና ጎማውን መሀል ለመሀል ከፈለው። ናጅዋ ግማሾቹን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ሬዲዮው ተንጫጫ። አዛዡ አንዱን ግማሽ እንደያዘ ወደ መኪናው ሮጠና ሄደ።

«አሁኑኑ ካልተገጠመ አይገጥምም» አለችው ናጅዋ ጠባቂውን።

«አዛዡ ሲመጣ።»

«ሲመጣ አይሠራም።»

«እሱን ለእሱ ንገሪው።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ጋሽ አያሌው የፍልሰታ ጾም ላይ ስለነበሩ ሌላው ቢራብ እሳቸው አልተቸገሩም። ናጅዋ የቀረላትን ግማሽ እያየች ሰዓት ትቆጥር ነበር። አዛዡ በዘጠኝ ሰዓት ተመለሰ፤ ልብሱ አቧራ ለብሷል፣ የአንድ እጁ ጣቶች ላይ የደረቀ ደም ይታያል፤ የእሱ አይመስልም። ሳይቀመጥ ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ ተጫናቸው። ለቀቃቸው። አንዱ ወደቀ።

«ዋሽተሻል» አለ።

«አልዋሸሁም። ብዙ ቆየ። ጫፎቹ ሌላ ይዘዋል።»

«ማንን?»

«አጠገባቸው ያለውን። አሁን አዲስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሳንጃውን ይስጡኝ።»

ጠባቂው ሳቀ። ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርስዎ ራስዎ ይቁረጡት፣ ጌታዬ። ከዚህም ከዚያም ስስ አድርገው።»

አዛዡ እንደተባለው ስስ ስስ አድርጎ ከሁለቱም ቆረጠ። ናጅዋ አዲሶቹን ፊቶች ወዲያው አጋጠመችና በሁለት መዳፏ መሀል ያዘቻቸው። ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ኬላው ቆመ፤ ከኋላ ፍራሽ የተሸከሙ፣ ፍየል የሚጎትቱ፣ ሕፃን ያዘሉ ሰዎች ተሰልፈው አንዲት ሴት እጇን ገጥማ ተቀምጣ ያያሉ። አንዲት ባልቴት ዱዓ እያደረገች መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉና «አሚን» አሉ።

ከዚያ ሰጠችው። አዛዡ በሁለት እጁ ጎተተው። ጎማው እስከ ክንድ ርዝመት ተለጠጠ፤ አልተበጠሰም። ሲለቀው ጣቱን መታው። 

«ሰው ላይ ይሠራል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይሠራም።»

«ሥጋ ላይ?»

«አይሠራም» አለች። ሌላ የምትጨምርበት ነገር ብታገኝ ደስ ባላት ነበር።

አዛዡ የእግሩን ጫማ አየ። ሶሉ አፉን ከፍቷል። «ጫማ ላይስ?»

«ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚይዘው።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

 አዛዡ አውራ ጣት የምታህል ቆርጦ ኪሱ ከተተና «ሂዱ» አለ። መንገድ ላይ ጋሽ አያሌው ጎማው ስንት ግራም እንደጎደለ ገመቱ፤ እሷም ጻፈችው።

ግራና በማግሥቱ ደረሱ። እናቷ መሪማ አቅፋት አለቀሰችና ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጋሽ አያሌው ዞረች፤ «ፍልሰታ አልገባም እንዴ?» አለችና ቅቤ ያልነካው ሽሮ አቀረበችላቸው። አባቷ ጀብሪል ሽንኩርትና ማሽላ የሚያርሱ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነው፣ ሲራመዱ ቀበቷቸውን ጠበቅ የማድረግ ልማድ አላቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ጎማውን አገላብጠው አዩት።

«በዚህ ነው አራት ዓመት?»

«አዎ አባ።»

«ከዩሪያ ነው ያልሽኝ?»

«ግማሹ።»

«ዩሪያውን ለማሽላው ብትሰጪው ምን ነበረ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማዘን ነበር።

ጎማው እንደሚድን ወሬ ሲሰማ ሰፈሩ መጣ። የጎረቤት ዓቢዳ የተሰነጠቀ ጀሪካን አመጣች። ናጅዋ ውሃ አይችልም አለች። ጀብሪል የመስኖ ፓምፓቸውን ቱቦ አመጡ፤ እሱም ውሃ ነው። አሮጊቷ ሲቲ የተበጠሰ የላስቲክ ጫማ ይዘው መጡና ከራሱ በቀር እንደማይዝ ሲነገራቸው «ታዲያ እሱን ሠርተሽ እሱን ልትጠግኚበት ነው?» አሉ። ናጅዋ አዎ ለማለት ተገደደች። በሦስተኛው ቀን ጀብሪል መታገሥ አልቻሉም።

«ልጄ፣ የማይሆነውን ሰማን። እስቲ የሚሆነውን ንገሪን።»

ናጅዋ የዚያን ቀን ቤት ተቀምጣ ደብተሯን አገላበጠች። የሚሆነው አልተጻፈም።

መስከረም ጠባ። ነዳጅ ስለጠፋ ከመርሳ ግራና የሚመላለሰው የፈረስ ጋሪ ብቻ ነበር፤ ከጋሪዎቹም የተሻለው የኡበይደላ። ኡበይደላ ጨውም ዱቄትም በሽተኛም ይጭናል። የጋሪው እግሮች የመኪና ጎማ ናቸው፤ መንገዱ ደግሞ ግራር ይበዛበታል። በየጉዞው ሁለት ሦስት ጊዜ እሾህ ይወጋዋል። መለጠፊያው አልቋል፣ ማስቲሽ የሚባል ነገር ገበያ ላይ የለም፤ ኡበይደላ የውስጥ ጎማውን ቀዳዳ በክር አስሮ አስሮ ጎማው የተቋጠረ አንጀት መስሏል።

ጋሽ አያሌው አንድ ጠዋት ኡበይደላ ጎማ ሲነፋ ቆመው አዩና ወደ ናጅዋ መጡ።

«መምህርት፣ ጎማ ውስጥ ውሃ የለም» አሉ።

«የለም» አለች ናጅዋ፤ ገና አልገባትም።

«ይሞቃል።»

«ይሞቃል» አለችና ብድግ አለች።

ሁለት ቀን ሠሩ። የማር መልክ ያለውን ጎማ እሳት ዳር ቆርቆሮ ላይ አለስልሰው እንደ ቀበቶ አሹት። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ሽፋን ቆረጡ። ቀበቶውን በሽፋኑና በደህናው የውስጥ ጎማ መሀል ዙሪያውን አነጠፉት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ እሾህ ሲገባ ሁሉንም ይበሳል፣ ሲነቀል ግን የተበሳው ቀበቶ ገና ትኩስ ነው፣ ከውስጥ ያለው አየርም ይጫነዋልና ራሱ ይዘጋል። ተገጥሞ ተነፋ። ጋሽ አያሌው ወስፌ ይዘው ቀረቡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ኡበይደላ።

«ልወጋው።»

«ደህናውን ጎማ?»

ጋሽ አያሌው ወጉት። ኡበይደላ ራሱን ያዘ። ወስፌው ሲነቀል «ፍስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ቀጠነ፤ ከዚያ ጠፋ። ጋሽ አያሌው ሁለተኛ ወጉ፣ ሦስተኛ ወጉ። ኡበይደላ ጎማውን በምራቁ አረጠበውና አረፋ ጠበቀ። አረፋ አልመጣም።

«ወላሂ» አለ፣ «ግራውንም ሥሩልኝ።»

ጎማው ግን ለአንድ እግር ብቻ ነው የበቃው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኡበይደላ ጋሪ ቀኝ እግሩ የማይተነፍስ፣ ግራ እግሩ እንደ ድሮው በየጉዞው የሚተነፍስ ሆነ። ናጅዋ ይህን በጣም ወደደችው፤ ማነጻጸሪያ ሆነላት። በየማታው ኡበይደላን አስቁማ ቀኝ ስንት፣ ግራ ስንት እያለች ትመዘግባለች። ኡበይደላ አልወደደውም።

«እህቴ፣ ግራውስ የማን ነው?» ይላት ነበር።

ሃያ ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ጀብሪል የፈጅር ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ተቀመጡ። አልተነሱም።

ናጅዋ ሮጣ ደረሰች። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሆዳቸውን ይዘዋል። «ደህና ነኝ» ይላሉ። ጋሽ አያሌው ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ወደ ጀብሪል አስጠጉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጋሽ አያሌው ናጅዋን ወደ ጎን ጠሩ።

«መምህርት፣ አባትሽ አንጀታቸው ወርዷል።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች።»

«አያሌው!» አሉ ጀብሪል ከበሩ።

«ቡአ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው ድምፃቸውን ቀንሰው። «አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በቀበቶ አስረው ነው የሚሠሩት። ሌላ ጊዜ ተኝተው ሲገፉት ይመለስ ነበር፤ ዛሬ እምቢ አለ።»

ናጅዋ አሥራ አንድ ዓመት ስትል አሰበች። እሷ አንድ ቀን አልጠየቀችም፤ እሳቸው አንድ ቀን አልነገሯትም። አባት ለሴት ልጁ የሚነግረው ነገር አይደለምና ማንንም መውቀስ አልቻለችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ የታነቀ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ግራና ውስጥ ሐኪም የለም። መርሳ ላይ ዮናስ የሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እንዳልሸሸ ኡበይደላ ሰምቷል። ጋሪው በሦስት ሰዓት ጉዞ ይደርሳል።

ኡበይደላ ፈረሱን እየጎተተ መጣ። የጋሪው ግራ እግር መሬት ላይ ተኝቷል።

«ትናንት ማታ» አለ። «አራት ቦታ። ማሰሪያ ክርም አልቀረኝም።»

ሁሉም ቀኙን እግር አዩት። ናጅዋ ወደ ጓዳ ገብታ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ጎማው ተፈታ። ቀበቶው ወጣ፤ በሃያ ስምንት ቀን ሠላሳ አንድ እሾህ የበላ፣ አንድም ቀዳዳ የማይታይበት። በርዝመቱ መሀል ለመሀል ሰነጠቀችው። ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ጣት ስፋት ደረሰው፤ መሬት የሚነካውንና የግራውን አራት ቀዳዳ ብቻ ይሸፍናል። በጎን ከተወጋ አበቃ። ጋሽ አያሌው ቆርቆሮውን አሞቁ፣ መሪማ ማገዶ ታቀብላለች፣ ኡበይደላ ይነፋል። አንድ ሰዓት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጀብሪል ፍራሽ ላይ ተኝተው ሰማይ ያያሉ።

«እየሞትኩ ነው ወይስ እየተጠበቅኩ?» አሉ አንድ ጊዜ።

«እየተጠበቁ ነው አባ።»

«እንዲያ ከሆነ ሽንኩርቱን ዛሬ ጠዋት ውሃ ያጠጡት።»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጉዞ ጀመሩ። ናጅዋ አባቷን ራስጌ ተቀምጣ ትይዛለች፣ ጋሽ አያሌው ከኋላ ጎማዎቹን እያዩ በእግር ይሮጣሉ። በየጥቂቱ «ቁም!» ይላሉ፤ ኡበይደላ ይቆማል፤ እሾህ ይነቅላሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ፤ «ሂድ!» ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ ፉጨቱ አልቆም ብሎ ጋሽ አያሌው አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ ጭነው ቆሙ። ጀብሪል ጥርሳቸውን ነክሰው ያቃስታሉ። ናጅዋ መቁጠር ጀመረች። ሁለት መቶ ላይ ጋሽ አያሌው ጣታቸውን አነሱ፤ ፉጨት የለም።

ከመርሳ ወዲህ ወንዝ አለ። ኡበይደላ ፈረሱን አቆመና ናጅዋን ዞሮ አያት። ውሃው የጎማውን ግማሽ ይደርሳል።

«ውሃ አይወድም ብለሻል።»

«ወዲያው አይደለም የሚበላሸው። እለፍ።»

«ስንመለስስ?»

«እለፍ ኡበይደላ!» አለች። በሕይወቷ ሰው ላይ ስትጮህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ዮናስን ያገኙት እናቱ ቤት ነው። ይሠራበት የነበረው ቦታ ዕቃ ስላልቀረው ሳሎኑን ባዶ አድርጎ አንድ ጠረጴዛ አቁሟል፤ እናቱ መራመድ ስለማይችሉ ነው ያልሸሸው። ጀብሪልን ዳሰሰና ስንት ሰዓት እንደሆናቸው ጠየቀ። ተነገረው። እጁን መታጠብ ጀመረ። ሙሉ ማደንዘዣ አልነበረውም፤ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ሦስት ብልቃጥ ቀርቶታል። ጀብሪል እንደነቁ ያሲን የተባለውን የቁርአን ምዕራፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ቀሩ፤ ጨርሰው ዮናስ ሳይጨርስ ስላገኙት እንደገና ጀመሩ።

ናጅዋ ውጭ ነበረች። መቀመጥ አልቻለችም፤ ጋሪው ሥር ተንበርክካ ጎማዎቹ ላይ የቀረ እሾህ ትፈልግ ጀመር። ዘጠኝ አገኘች። አሥረኛውን ስትነቅል እንባዋ መጣ።

«ወጋሽ?» አሉ ጋሽ አያሌው።

«አዎ» አለች።

ጋሽ አያሌው ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጠገቧ ቆሙ። ፀሐይ አልነበረም፤ ሰው እንዳያያት ነው።

ዮናስ እጁን እየጠረገ ወጣ። «አንጀቱ ጠቁሮ ነበር፤ ግን ሙቅ ጨርቅ ሳደርግበት ቀላ» አለ። «ትንሽ ብትዘገዩ ቆርጬ ማውጣት ነበረብኝ። እዚህ ደግሞ ያንን መሥራት አልችልም።» ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «በምን መጣችሁ?»

«በጋሪ» አለች ናጅዋ።

አምስት ቀን መርሳ ቆዩ። የወንዙ ውሃ ጎማዎቹ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ቀበቶው በአምስቱ ቀን ተነክሮ ለሰለሰ፤ ሲመለሱ ገና ከመርሳ እንደወጡ ሁለቱም እግሮች ተነፈሱ። ኡበይደላ የውጭውን ጎማ ጭድ ጠቀጠቀበትና በእርምጃ ሄዱ። ጀብሪል ፍራሻቸው ላይ ተጋድመው ሲንገጫገጩ ቆዩና፦

«ጭዱ ይሻላል» አሉ። «ውሃ አይፈራም።»

«ጭድም ውሃ ይፈራል አባ።»

«ይፈራል፤ ግን አራት ዓመት አይፈጅም።» ትንሽ ቆይተው እጇን ፈልገው ያዙ። እስከ ግራና አልለቀቋትም።

ናጅዋ የለሰለሰውን ጎማ ለቃቅማ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣችው። በአራተኛው ቀን ውሃው ወጥቶ ጎማው ተመልሶ ጎማ ሆነ። ሰንጥቃ አገጣጠመችው፤ ገጠመ። ውሃ እንደሚያበላሸው እንጂ ሲደርቅ እንደሚመለስ አልሞከረችም ነበር። ለጋሽ አያሌው ነገረቻቸው። ለአባቷ አልነገረችም፤ ከጭዱ ጋር ያወዳድሩታል ብላ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ጋሽ አያሌው በመጀመሪያው መኪና ወጡ። ቤታቸው በሩ ተነቅሎ አገኙት፤ ውባለምን ግን ከእህቷ ጋር ጉባ ላፍቶ ደህና ሆና አገኟት። «የት ነበርክ?» ስትላቸው «ሥራ ላይ» አሏት፤ ለአንድ ሳምንት አላናገረቻቸውም። ናጅዋ በጥር ወልድያ ተመለሰች። ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር፤ የመብራት ሶኬቱ ሳይቀር ተነቅሏል። ወንበር ከጎረቤት ተዋሰችና የጋሪውን ሙከራ ጽፋ ለአንድ የምርምር መጽሔት ላከች።

ከሁለት ወር በኋላ የገምጋሚዎቹ ጥያቄ መጣ። አሥራ አራት ነበር። አብዛኛው ስለ ሙቀትና ስለ እርጥበት ነው፤ ልክ ነበሩ፣ መለሰች። አሥራ አንደኛው «የማነጻጸሪያው ጎማ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ከሙከራው ለምን ወጣ?» የሚል ነበር። ናጅዋ «አባቴ ታመሙ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ብላ ጻፈች።

ጋሽ አያሌው ከኋላዋ ቆመው ያነቡ ነበር።

«የመጀመሪያው ነው ልኩ» አሉ።

«ሳይንስ አይመስልም።»

«የሆነው እሱ ነው።»

ናጅዋ ጥቂት አሰበች፤ የመጀመሪያውን መልሳ ጻፈችና ኔትወርክ ፍለጋ ወጣች። አምስት ተማሪዎች በር ላይ እየጠበቋት ነበር፤ ትምህርት መቼ እንደሚጀመር ሊጠይቋት።

«ሰኞ» አለቻቸው። «ወንበር ያለው ይዞ ይምጣ።»